የእቁቡን ብር ስቶክ ላይ አድርጌ በላሁት፣ ለሚስቴ እንዴት ልንገራት?

የኮዬው፦

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ እንቅልፍ ስላልመጣ ልጻፈው ብዬ ነው። የምትሰድቡኝ ከሆነ ጨርሳችሁ አንብቡና ስደቡኝ።

ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ኮንዶሚኒየም ወጥቶልን ገብተናል ግን እንደምታውቁት የሚያስረክቡህ ግድግዳና በር ነው፣ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ነው። ልጄ ገና በመዳህ ላይ ናት፣ ማታ ማታ ጉልበቷን ሳጥባት ውሃው ግራጫ ሆኖ ነው የሚወርደው። ሚስቴ ከመርካቶ አንድ ፍሬ ሴራሚክ ለናሙና አምጥታ ሳሎን ግድግዳ ስር አቁማዋለች፣ እቁቡ ሲወጣ ይሄን ነው የምናነጥፈው ብላ። እዛው እንደቆመ ዓመት አለፈው።

እቁቡ 24 ሰው ነው፣ በወር 15 ሺ። 7500 እኔ ከደመወዜ፣ 7500 እሷ። እሷ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ካፌና ለጎረቤት እያስረከበች ነው የምታወጣው፣ ቀን መብራት ከሄደ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ነው የምትጋግረው። ህዳር 2017 ላይ እጣው ደረሰን፣ 360 ሺ። ዋሳችን የእህቷ ባል ነው።

ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው ያለው። በዛን ሰሞን እማዬ ሰንዳፋ ያለውን ቤት ጣሪያ ልታስቀይር ነበርና ብሩን እሱ ሊልክላት ነበር። ደወለልኝና "አንተ ብሩን እዛ ለእማዬ ስጣት፣ እኔ ለሷ የምልከውን ዶላር እዚህ ባንተ ስም ስቶክ እገዛልሃለሁ፣ በዓመት እጥፍ ይሆናል" አለኝ። ባንተ ስም ይበል እንጂ አካውንቱ የራሱ ነው። 2700 ዶላር ሆኖ ታሰበና ቺፕ የሚሰራ ካምፓኒ (ስሙን ብጠራ ክርክር ትጀምራላችሁ) 19 ፍሬ ሼር አንዱን በ142 ዶላር ገደማ ገዛልኝ። ለሚስቴ ባንክ በጊዜ ገደብ አስገብቼዋለሁ፣ ወለዱ ጥሩ ነው፣ አንድ ዓመት አይነካም አልኳት። ጎበዝ አለችኝ።

ከዛ በኋላ ሰው አልሆንኩም። የነሱ ገበያ በእኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈትና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ በነሱ በጋ ደግሞ አንድ ሰዓት ቀድሞ። እንግዲህ ከስራ ወጥቼ ቃሊቲ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ይጀምራል፣ እራት ስበላ አለ፣ ልጅ ሳስተኛ አለ። ጥር 19 የገብርኤል ዕለት ሰልፍ ላይ ሆኜ ስልኬን ሳወጣው ወደ ቁልቁል እየሄደ ነው፣ ኔትወርኩ ተሳስቶ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ሌሊቱን ገበያው ሲዘጋ 460 ዶላር የለም። የሶስት ወር ደመወዜ ነው። ሚስቴ አጠገቤ ተኝታለች።

መጋቢት መጨረሻ ደግሞ ያ የትራምፕ የታሪፍ ነገር (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የጣለው ቀረጥ) መጣና ገበያው ሁሉ ወረደ። ወንድሜ ተው አትሽጥ ብሎኛል፣ እሱን አልዋሽበትም፣ እኔ ነኝ እያለቀስኩ ሽጥልኝ ያልኩት። መጋቢት 29 ሰኞ በ97 ተሸጠ፣ 1840 ዶላር ቀረ። ረቡዕ ሚያዝያ 1 ታሪፉ ለጊዜው ቆመ ተባለና ያው ሼር በአንድ ቀን 114 ገባ። በዚህ ስናደድ ወንድሜ "እንግዲያው በኦፕሽን እናስመልሰው" አለ (በሼር ዋጋ ላይ እንደ ውርርድ ያለ ነገር ነው)፣ 1000 ዶላሩን ሌላ የቴክ ካምፓኒ ላይ አደረገው፣ በሶስት ሳምንት ዜሮ። ዜሮ ስል ዜሮ ነው። አሁን ያለኝ 840 ዶላር ነው። በጥቅምት ያ የሸጥኩት ሼር ከ200 ሲያልፍ 19ኙን በካልኩሌተር አባዛሁት፣ ከዛ ስልኬን ትራስ ስር ከትቼ ተኛሁ፣ ማለቴ ጋደም አልኩ።

አሁን ህዳር 2018 ሆኖ ዓመቱ ሞልቶ ሚስቴ "ባንኩ አልደረሰም እንዴ?" ማለት ጀምራለች። እቁቡ ገና 6 ወር ይቀረዋል፣ እሷ አሁንም በየወሩ 7500ዋን ቆጥራ ትሰጠኛለች። እማዬ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር ወንድምህ ይባረክ፣ ዝናብ አይገባብኝም ትለኛለች።

ከመስሪያ ቤት ብድርና ቁጠባ 200 ሺ ተበድሬ ሳላሳውቃት ሴራሚኩን ላስጀምር? ወይስ ልንገራት? ከነገርኳትስ እንዴት?

ጀሞ 3፦

ወንድሜ አትንገራት። ተበደር፣ ሴራሚኩን አስነጥፍ፣ ከደመወዝህ ይቆረጥ፣ በቃ። ሴት ልጅ ይሄን አትረሳም እስክትሞት ትሰማዋለህ።

ሰበታ ዋታ፦

በእቁብ ብር ዎል ስትሪት ገባህ 😂 ይቅርታ ወንድሜ ሳቄ መጣ። ግን እውነቴን ነው ጥር 19 ላይ አንተ ብቻ አይደለህም፣ እኔም ያለ አንዳች ሼር ዜናውን አይቼ ደንግጬ ነበር።

እሙ ናቲ (የካ አባዶ)፦

ጀሞ 3 የምትለውን አትስማው። እኔ በሌላኛው በኩል የነበርኩ ሚስት ነኝና ልንገርህ።

የኔ ባል ካናዳ ካለ የአክስቱ ልጅ ጋር ነበር የጀመረው፣ 2014 ላይ። እኔ ምንም አላውቅም፣ የማውቀው ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ በረንዳ ላይ እንደሚወጣ ነው። በብርዱ! የካ አባዶን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውሽማ ይዟል ብዬ ደመደምኩ፣ እህቴንም አማከርኩ፣ ስልኩንም በረበርኩ፣ ያገኘሁት ቀይና አረንጓዴ መስመር ነው። ያን ቀን እፎይ ልበል ልናደድ አላወቅኩም።

በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ወደኋላ እያሰብኩ ብዙ ነገር ተገናኘልኝ። ቀይ በሆነበት ቀን ልጆቹ ላይ ይጮሃል፣ ጨው በዛ ይላል፣ ካልሲ ጠፋ ይላል። አረንጓዴ ሲሆን ሙዝ ይዞ ይገባል። ልጆቹ ስለ ስቶክ ምንም ሳያውቁ ለይተውታል፣ ፌስታል ካየ ትንሹ "ዛሬ አባባ ደህና ነው" እያለ ወደ ጓዳ ይሮጥ ነበር። እስከ ዛሬ ሙዝ ስገዛ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። አንተ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንድ ያላየኸው ነገር አለ። አንተ ልትነግራት የምትፈራው "ሼር ገዝቼ ከሰርኩ" የሚለውን ነው። እሷ የምትሰማው ግን እሱን አይደለም። የምትሰማው "ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተሽ የጋገርሽበትን ብር ለእናቴ ጣሪያ ሰጠሁት" የሚለውን ነው። ምክንያቱም ብሩ በእጅ የሄደው እዛ ነው። ዶላሩን አላየችውም፣ አካውንቱን አላየችውም፣ ጣሪያውን ግን ሄዳ ታየዋለች። እናትህ ደግሞ የምትመርቀው ወንድምህን ነው። ይሄን አስበህ ነው የምትገባበት፣ ካልሆነ ሰንዳፋና ኮዬ ለዘላለም ይቆራረጣሉ፣ ለልጅቷም አያት አይኖራትም።

ብድሩን ተወው። ዋሳችሁ የእህቷ ባል ነው ብለሃል፣ አንድ ወር እቁብ ሳትከፍል ብትቀር በማን በር እንደሚኳኳ ታውቃለህ። ብድር ተቆርጦ በሚቀርህ ደመወዝ 7500 ከየት ታመጣለህ?

ስትነግራት ደግሞ በቁንጥር አትንገራት። የኔው ባል መጀመሪያ "ትንሽ ወርዷል" አለኝ፣ በሳምንቱ "ግማሽ ገደማ"፣ በወሩ ነው ሙሉውን የሰማሁት። ሶስት ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ አንዴ ይበቃኝ ነበር። ቁጥሩን በብር ጽፈህ ያዝ፣ በዶላር አትንገራት። ለሊት የምትጋግር ቀን ደግሞ አይሁን።

የኮዬው፦

እሙ ናቲ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የእማዬን ነገር በዚህ በኩል በጭራሽ አላየሁትም ነበር፣ እኔ ጭንቅላት ውስጥ እኮ ለእማዬ የሰጣት ወንድሜ ነው። አሁን ሳነበው ግን ልክ ነሽ፣ ሶስት መቶ ስልሳ ሺውን በፌስታል ይዤ ሄጄ ቆጥሬ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ስልቨር ስፕሪንግ፦

ከዚህ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፣ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ዕድሜ ልኬን ስነዳ ነው የኖርኩት። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኔ የመጣሁት በነሱ 1999 ነው። ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ የአበሻ ወሬ ሁሉ ስቶክ ነበር፣ ገና ላይሰንስ ያላወጣ ሰው ስለ ኢንተርኔት ካምፓኒ ያስረዳሃል። ናስዳክ የሚባለው የቴክ ካምፓኒዎች የሚበዙበት ገበያ መለኪያ መጋቢት 2000 በፈረንጅ 5048 ደረሰ፣ በጥቅምት 2002 1114 ላይ ነበር። ከመቶው 78 ወረደ ማለት ነው። ወደ ነበረበት የተመለሰው በ2015 ነው። አስራ አምስት ዓመት! ዛሬ ሁሉም ሰው አማዞንን ነው የሚጠቅስልህ፣ አዎ ከ100 በላይ ከነበረበት ወደ 6 ዶላር ወርዶ ተነሳ፣ ግን በዛን ጊዜ የትኛው እንደሚነሳ በግንባሩ ላይ አልተጻፈም። አብሮኝ አፓርትመንት የሚጋራው ልጅ የገዛው ካምፓኒ ስሙም የለም ዛሬ። ልጁ ለሰርግ ያጠራቀመው ብር ነበር፣ ልጅቷ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ጠብቃ ሌላ አገባች።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ይሄው ናቸው። ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) የካቲት 2022 ላይ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወረደ። አንተ የምትለው ጥር 19 ኤንቪዲያ ብቻውን በአንድ ቀን 17 ከመቶ ወርዶ ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ነው ያጣው፣ በአሜሪካ ገበያ እስከዛ ቀን አንድ ካምፓኒ በአንድ ቀን ያን ያህል አጥቶ አያውቅም። ምክንያቱ ደግሞ ካምፓኒው ምንም አጥፍቶ አይደለም፣ ዲፕሲክ የሚባል የቻይና ኤአይ በጥቂት ወጪ ተሰራ ተባለና ታዲያ ይሄ ሁሉ ቺፕ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ሰው ደነገጠ። በጥቅምት ደግሞ ያው ካምፓኒ 5 ትሪሊዮን አለፈ። ኮዬ ቁጭ ብለህ፣ ቀን ተቆርጦለት በሚጠበቅ ብር፣ ይሄን መሃል ላይ የሚችል ሆድ ከየት ይመጣል? እኔም የሚያስፈልገኝ ብር ቢሆን እሸጥ ነበር። ስለዚህ በመሸጥህ ራስህን አትግደል። ስህተቱ የተሰራው ህዳር ላይ ነው።

አሁን ስለ ወንድምህ። አካውንቱ በሱ ስም እስከሆነ ድረስ እዚህ በወረቀት ብሩ የሱ ነው። ቢያተርፍ ታክሱ የሚመጣው በሱ ስም ነው፣ ቢከስር ኪሳራውን ከታክስ የሚቀንሰው እሱ ነው (ከደመወዝ ላይ በዓመት እስከ 3000 ዶላር ይፈቀዳል)። ቢፋታ ሚስቱ ልትካፈለው ትችላለች፣ እሱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ወራሾቹ ስለ 19 ሼር የሰሙት ነገር የለም። አንተ ደግሞ እዛ ምንዛሬው ከባንክ ውጪ ስለሆነ ልክሰስ ብትል መጀመሪያ የምትጠየቀው ራስህ ነህ። ይሄን የምለው ወንድምህን እንድትጠረጥረው አይደለም፣ ዛሬውኑ በቴሌግራም ስንት እንደቀረ በጽሁፍ እንዲልክልህ ነው።

ኦፕሽኑን ግን እኔ ካንተ ላይ አላስቀምጠውም። ኦፕሽን ማለት ቀን ያለው ውርርድ ነው፣ ሼሩ ወደፈለግክበት ቢሄድ እንኳን ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሄደ ላንተ ምንም አይደለም። ያንን ለአንድ ኮዬ ላለ የደመወዝ ሰው፣ ያውም በደነገጠ ሰዓት ማቅረብ የታላቅ ወንድም ስራ አይደለም። 1000ውን ቢያንስ ግማሹን ይሸከም፣ ጠይቀው። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ካንተ ጋር እንዲህ የሚጫወት ሰው በራሱ ብር ምን እንዳደረገ አትጠይቀኝ። እዚህ ብዙዎቻችን በስልክ እንደምናወራው አይደለንም።

የኮዬው፦

ልክ ነህ ጋሼ። እኔ ግን እሱን ብር መጠየቅ ከበደኝ፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ የትምህርት ቤቴን የከፈለልኝ እሱ ነው።

ባንከሩ (ቱሉ ዲምቱ)፦

አጭር ነገር ልጨምር፣ ሂሳቡን ለሚስትህ ስትጽፍላት ራስህን እንዳታታልል። 840ውን በዛሬ 150 ምናምን ብር ስታባዛው ወደ 130 ሺ ይመጣልሃል፣ ያን ያህል የከፋ አይመስልም። ግን ህዳር 2017 ላይ በ360 ሺ የሚነጠፈው ሴራሚክና የሚሰራው ኪችን ካቢኔት ዛሬ በ360 ሺ አይሰራም። ሌላው "እስኪመለስ ልጠብቅ" የሚባለው ነው፣ 50 ከመቶ የወረደ ነገር ወደ ቦታው ለመመለስ 50 ሳይሆን 100 ከመቶ መጨመር አለበት። ያንተ እኮ 69 በመቶ ገደማ ነው የወረደው፣ አሁን ካለው ከሶስት እጥፍ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ 840ውን ያስልከው።

ለወደፊት ሼር ካማረህ እዚሁ አገር አለ። ቴሌ በ2017 ሲሸጥ አንዱ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ 33 ሼር፣ 9900 ብር። የሼር መገበያያውም በዛው ዓመት ጥር ላይ ተከፍቷል፣ ባንኮች እየተመዘገቡ ነው።

ሰበታ ዋታ፦

ኧረ ባንከሩ! ልጁ በእሳት ላይ ነው አንተ ሼር ትሸጥለታለህ 😂😂

ባንከሩ (ቱሉ ዲምቱ)፦

ልማድ ሆኖብኝ ነው ይቅርታ።

እሙ ናቲ (የካ አባዶ)፦

የኮዬው ምን ሆንክ? አስር ቀን አለፈህ።

የኮዬው፦

ይቅርታ ጠፋሁ። ነገርኳት።

ቅዳሜ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ። በብር ጽፌ፣ ከእቁቡ ደብተር ጋር አድርጌ። ስለ ስቶኩ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ብዙም አልገባትም መሰለኝ። የሰንዳፋው ላይ ስደርስ ነው እጇን ያነሳችው። "ቆይ፣ ብሩን በእጅህ ለማን ነው የሰጠኸው?" አለች። ለእማዬ አልኳት። ሌላ ምንም አላለችም፣ ተነስታ ምጣዱን ማሰስ ጀመረች፣ የማትጋግርበት ቀን ነበር።

ሶስት ቀን አላናገረችኝም፣ ማለቴ ስለ ልጅቷ ብቻ ታናግረኛለች፣ "ውሃው ሞቋል" ምናምን። በአራተኛው ቀን ወንድምህ ጋ ደውል፣ ስፒከር ላይ አድርገው አለችኝ። ደወልኩ። እሷ ናት ያወራችው፣ ሰላምታውንም የልጆቹን ደህንነትም በደንብ ጠይቃ ጨርሳ ነው የጀመረችው። እሱ መጀመሪያ ገበያው እንዲህ ነው እንዲያ ነው አለ፣ ኋላ ዝም አለ፣ ከዛ የራሱ 11 ሺ ዶላር በዛው ኦፕሽን እንደሄደና ሚስቱ እስካሁን እንደማታውቅ ነገረን። ስልቨር ስፕሪንግ አንተ ነህ የመጣህብኝ። ሚስቴ "በቁንጥር እንዳትነግራት" አለችው፣ ይሄን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ እዚህ ታነባለች እንዴ ብዬ ደንግጫለሁ። 840ውንና 500 ጨምሮ እስከ ገና እልካለሁ ብሏል፣ በባንክ። እስኪደርስ አላምንም።

ብድሩን ትቼዋለሁ። ሳሎኑን ትተን የልጅቷን ክፍል ብቻ እናንጥፍ ብላለች።

እሙ ናቲ (የካ አባዶ)፦

እሰይ። ለእናትህስ ነገራችኋት?

የኮዬው፦

አልነገርናትም። እኔ ልነግራት ነበር፣ እሷ ናት አትንገራት ያለችኝ፣ በዚህ ዕድሜዋ ጣሪያ እያየች እንቅልፍ እንድታጣ ነው ወይ አለች። ግን እሁድ ሰንዳፋ እንሂድ ብላ ተነሳች፣ ለወራት ሄዳ አታውቅም። እማዬ ቡና አፈላች፣ እንደ ልማዷ ወንድሜን መረቀች፣ ሚስቴም አሜን አለች። ስንወጣ ግቢው መሃል ላይ ቆማ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

"ጥሩ ቆርቆሮ ነው" አለች፣ "ስንት ጌጅ ነው?"

28 አልኳት።